የሻገተ እንጀራ ፌስታል ፈትቼ ብናኙ ፊቴ ላይ ቡን አለ፤ ስፖር እውነት ሴል ውስጥ ይገባል?

የገርጂው
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ሊያስቃችሁ ይችላል። ሳቁና መልሱልኝ።

ቅዳሜ ከመስክ ተመልሼ ወጥ ቤት ገባሁ። ጥግ ላይ በፌስታል የተቋጠረ እንጀራ አገኘሁ። ስንት ቀን እንደቆየ የሚያውቅ የለም። ቋጠሮውን ስፈታው አረንጓዴና ጥቁር ብናኝ ቡን ብሎ ፊቴ ላይ ወጣ። ሦስቴ አስነጠሰኝ። ታናሽ ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ነው፣ ባዮሎጂ ላይ እብድ ነው። «አለቀልህ፣ ስፖሩ ሳንባህ ሴል ውስጥ ገብቶ ይበቅላል» አለኝ። ሳቅኩበት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

የፈራሁት ለራሴ አይደለም። እናቴ ስኳር አለባት። ሞሶቡን የምታጸዳው፣ የሻገተውን እየለየች የምታወጣው እሷ ናት። እኛ ጎረምሶቹ በልተን እንነሳለን።

እና ጥያቄው ይኸው። እግር የለው፣ ጥርስ የለው። ይህ ብናኝ ሰው ሴል ላይ በምን ይለጠፋል? ከተለጠፈስ በየት በኩል ይገባል?

ቁርስ_ቤት
ድርቆሽ ሊሆን የሚችል እንጀራ ፌስታል ውስጥ ቀብራችሁ አሁን ስለ ስፖር ትጠይቃላችሁ። እግዜር ይይላችሁ 😂

ስላይድ_እና_ከቨር
ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ፈንገስ ደግሞ ነፍሴ ነው፤ ስለዚህ ካንዛዛሁ ይቅርታ።

በመጀመሪያ ተረጋጋ። ስፖር ማለት የሻጋታው ዘር ነው በለው። ሁላችንም በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠር እንስባለን። ይህን ስታነብም እየሳብክ ነው። ፌስታሉን ስትፈታ የሆነው ነገር የዕለት ድርሻህን ብዙ እጥፍ በአንድ ትንፋሽ መሳብህ ነው። ለጤነኛ ሳንባ ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

መጠኑን እንዲህ አስበው። ሳንባ ላይ ብዙ የሚያስቸግረው ሻጋታ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ይባላል። ስፖሩ 2 ወይም 3 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ነው። አንድ የጤፍ ፍሬ ርዝመቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በአንዷ ጤፍ ርዝመት ላይ 300 እና ከዚያ በላይ ስፖር በሰልፍ ይቆማል። ትልቅ ቢሆን ኖሮ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀር ነበር። በዚህ መጠኑ ግን ሳንባ ጫፍ ያሉት ትንንሽ የአየር ከረጢቶች ድረስ ይወርዳል።

እንጀራ ላይ አዘውትሮ የሚገኘው ሌላ ነው፤ ፔኒሲሊየም፣ አስፐርጊለስ ኒጀር፣ ራይዞፐስ። ራይዞፐስን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን። ፉሚጋተስ ሙቀት ወዳድ ነው። ፍግ፣ የበሰበሰ ገለባ፣ የሚግል የቆሻሻ ክምር ውስጥ ይኖራል። የሰው ገላ ሙቀት ለሱ ምቹ ነው፤ 50 ዲግሪም ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አየር ላይ ያለ ስፖር ተኝቷል። ካፖርት ለብሷል። ላይኛው ሽፋን ሮድኤ ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ እንደ ሰንበሌጥ ጎን ለጎን የተደረደሩ ዘንጎች ናቸው። ውሃ አያስጠጋም። ለዚህ ነው ቡን የሚለው፤ እርስ በርሱ አይጣበቅም። ከሥሩ ሜላኒን አለ። ቆዳችንን የሚያጠቁረው ነገር ዘመድ ነው፤ አረንጓዴ ቀለሙን የሚሰጠውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ሥራ አለ። ስፖሩ ካፖርቱን እንደለበሰ ከሆነ የመከላከያ ሴሎቻችን ዝም ይሉታል። ካፖርቱን ሲገፉበት ያኔ ጩኸት ተነሳ። ማለትም የምንስበውን ሁሉ ሳንባችን እንደ ጠላት ቢቆጥር ኖሮ ዕድሜ ልካችንን እንደ ጉንፋን እንደተያዝን በኖርን።

የገርጂው
እሺ ተኝቷል። የተኛ ነገር ታዲያ እንዴት ይለጠፋል?

ስላይድ_እና_ከቨር
በሁለት ደረጃ ነው።

መጀመሪያ ላይ ፊዚክስ ነው። ውሃ የሚጠላ ነገር ውሃ የሚጠላ ነገር ላይ ይጠጋል። ይህ መያዝ ላላ ነው። አብዛኛው እዚያው ንፍጥ ላይ ይቀራል። የአየር ቧንቧችን ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ደግሞ ንፍጡን ወደ ላይ ይጠርጉታል፣ እንውጠዋለን ወይም እንተፋዋለን። አለቀ።

ሁለተኛው እጅ ለእጅ መያያዝ ነው። ስፖሩ ላይ ስኳር የሚይዙ ፕሮቲኖች አሉ። ፍሌኤ የሚባለው ንፍጣችን ላይ ያለውን ፉኮስ የሚባል ስኳር ይጨብጣል። እዚህ ላይ የሚገርመኝ ነገር፣ ይህ እጅ ለኛም ይጠቅማል። ፍሌኤ የጎደለው ስፖር አይጥ ላይ ሲሞከር ሕመሙ ባሰ እንጂ አልቀለለም። ለምን? ንፍጡና ማክሮፋጁ (እንግዳ ነገር የሚውጠው የመከላከያ ሴላችን) ስፖሩን የሚይዙት በዚያው እጁ ነዋ። ሌባን በራሱ እጅጌ መያዝ ማለት ነው።

ያመለጠው ስፖር እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በሰዓታት ውስጥ ያብጣል። ውሃ እንደጠጣ ባቄላ በለው። ሲያብጥ ካፖርቱ ይቀደዳል፣ ከሥር ያለው ግድግዳ ይታያል። ካልኤ የሚባል ፕሮቲን ብቅ ይላል። ካልኤ ሴላችን ላይ ያለ ኢንተግሪን የሚባል ፕሮቲን ይይዛል። ኢንተግሪን ደግሞ ሴሉ ከሥሩ ያለውን ወለል ቆንጥጦ የሚይዝበት የራሱ እጅ ነው። ይህ በ2016 የታወቀ ነው።

ከዚያ ነው ዋናው ነገር። ያ እጅ ሲያዝ ሴሉ ውስጥ መልእክት ይሄዳል። አክቲን የሚባሉ ክሮች ይገፋሉ፣ የሴሉ ሽፋን ዙሪያውን ይነሳል፣ ስፖሩን ይጠቀልለዋል፣ ወደ ውስጥ ይስበዋል። በእንጀራ ጠቅልሎ እንደመጉረስ። ስፖሩ አልሰበረም፣ አልቆፈረም። ሴሉ ነው የጎረሰው።

ተጠራጣሪ
@ስላይድ_እና_ከቨር ይቅርታ፣ ግን እንግዲያው «ገባ» አትበሉ። «ተጎረሰ» በሉ። ሁለቱ ሰማይና ምድር ናቸው። ገባ ካልን ፈንገሱ ብልህ ነው። ተጎረሰ ካልን ሴሉ ሞኝ ነው። ደግሞስ ስፖሩ ምንም እንዳላደረገ በምን አወቃችሁ? ውስጥ ውስጡን የሚገፋ ነገር ቢኖረውስ?

ስላይድ_እና_ከቨር
ጥሩ ጥያቄ ነው። ይህን የጠየቁ ሰዎች የሠሩትን ሙከራ ልንገርህ።

ካንዲዳ አልቢካንስን ታውቀዋለህ፤ አፍ ውስጥ ነጭ የሚያወጣው። እሱ ስፖር አይደለም፣ እርሾ ነው፣ ግን ጥያቄው አንድ ነው። አልስ3 የሚባል የመያዣ ፕሮቲን አለው። ተመራማሪዎቹ ፕሮቲኑን ብቻ ወሰዱና የላቴክስ ዶቃ ቀቡት። ዶቃ! ሕይወት የሌለው፣ የማይገፋ፣ የማያስብ። ሴሎቹ ዶቃውን ጎረሱት። ሥራው በ2007 የወጣ ነው። እንግዲህ ለመግባት መኖር እንኳን አያስፈልግም፤ ትክክለኛውን ነገር መልበስ ብቻ ነው።

ግን ሙሉ በሙሉ አላሸነፍክም። ፈንገስ ቡቃያ ካወጣ በኋላ ክሩ እየረዘመ በጉልበትም ይገፋል፣ የሴሉን ሽፋን የሚያሟሙ ኢንዛይሞችም ይረጫል። ያኔ «ገባ» ማለት ይቻላል። ስፖር ሳለ ግን በአብዛኛው ተጎርሶ ነው። ቃልህን ተቀብያለሁ።

የሦስት_ልጆች_እናት
እናንተ ሳንባ ሳንባ ትላላችሁ፣ እኔ ቤት ያለው ቆረቆር ነው። ሁለተኛው ልጄ ከፀጉር ቤት ከተመለሰ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ አናቱ ላይ ክብ ክብ ሆኖ ፀጉሩ ተበጠሰ። እሱም ስፖር ነው አሉኝ። እሱስ አንጎል ድረስ ይገባል እንዴ? ቅባት ቀብቼ ቀብቼ ሰለቸኝ።

ስላይድ_እና_ከቨር
እህቴ፣ አይገባም። ቆረቆር የሚያመጣው ፈንገስ ሕያው ሴል ውስጥ መግባት አይፈልግም። የሚበላው የሞተውን ነው፤ ፀጉር፣ ጥፍር፣ የቆዳችን የላይኛው የሞተ ሽፋን። እኛ አገር ልጆች አናት ላይ በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም ነው።

ይህን በዓይኔ ስለማየው ትንሽ ልዘርዝረው። ልጁ ሲመጣ ከራሱ ላይ የተበጠሰች ጉቶ ፀጉር በወረንጦ እንነቅላለን። ስላይድ ላይ አድርገን ኬኦኤች (ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ፈሳሽ) ጠብ እናደርግበታለን፣ ከቨር የሚባለውን ስስ መስታወት እንጭንበታለን፣ ትንሽ እንጠብቃለን። ኬኦኤች ፀጉሩን ያለሰልሰውና ብርሃን ያሳልፋል። ከዚያ ማይክሮስኮፕ። ጤነኛ ፀጉር ባዶ የመስታወት ቱቦ ይመስላል። የቆረቆር ፀጉር ግን ውስጡ በድቡልቡል ስፖር ታጭቋል፣ ሰልፍ ሰልፍ ይዞ፣ አፉ ድረስ እንደሞላ የእህል ጆንያ። ፀጉሩ ሥሩ ላይ የሚበጠሰው ለዚህ ነው። ጆንያው ተተርትሯል። ቆዳው ላይ የምታዪያቸው ጥቁር ነጥቦች የተበጠሱት ፀጉሮች ጉቶ ናቸው።

አለጣጠፉ እንዲህ ነው። ስፖሩ ከማሽን ወይም ከኮፍያ ቆዳ ላይ ይወድቃል፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሞተውን ሴል ይይዛል፣ በአንድ ቀን ገደማ ያቆጠቁጣል። የፀጉር ፕሮቲን ጠንካራ ነው፣ በሰልፈር ማሰሪያ እርስ በርሱ ታስሯል። ፈንገሱ መጀመሪያ ሰልፋይት ይረጭና ማሰሪያውን ይበጥሳል። ሳሎን የሚቀቡት የፀጉር ማለስለሻ ክሬም የሚበጥሰውም ያንኑ ማሰሪያ ነው። ማሰሪያው ሲላላ ኢንዛይሞቹ ይገቡና ይቆራርጡታል።

እና ቅባቱ ያልሠራው ስፖሩ ፀጉሩ ውስጥ ስለሆነ ነው። ቅባት እዚያ አይደርስም። የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ግሪሶፉልቪን ወይም ቴርቢናፊን፣ ለሳምንታት፣ በልጁ ኪሎ ልክ። ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ወንድም እህቶቹንም አሳይ፤ ማበጠሪያና ኮፍያ ለየብቻ።

የሦስት_ልጆች_እናት
ተባረክ። ነገ እወስደዋለሁ። የፀጉር ቤቱን ልጅ ግን አልለቀውም 😤

ፌጦ_ብቻ
ሰው ዝም ብሎ ይፈራል። ሻጋታ አይደል እንዴ ፔኒሲሊን የሆነው? ትንሽ መሳብ መድኃኒት ነው። ፌጦ በሎሚ ውሰዱ፣ ስፖሩ ይጠፋል።

ስላይድ_እና_ከቨር
ፍሌሚንግ በ1928 ያየው ሻጋታ ባክቴሪያ ነው የሚገድለው። ፈንገስን ምንም አይለውም። እንዲያውም አንቲባዮቲክ ብዙ የወሰደ ሰው ባክቴሪያው ሲጠፋለት ካንዲዳ ሜዳው ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ፌጦህን ለጨጓራህ ካስማማህ ብላ፤ ሳንባ ግን አይወርድም።

ሐኪም_በፈረቃ
ዲሲ አካባቢ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሠራው። አሁን ነው ከሌሊት ፈረቃ የወጣሁት፣ ፊደል ከሳትኩ ይቅርታ።

ወንድሜ የገርጂው፣ ስለ እናትህ የጠየቅከው ነው የከነከነኝ። ስላይድ «ያዙልኝ» ያለው ራይዞፐስ ነው ጉዳዩ። ሙኮርማይኮሲስ የሚባል ሕመም ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሕንድ ውስጥ ኮቪድ ላይ ተደርቦ የመጣው፣ ጋዜጣው «ጥቁር ፈንገስ» ያለው እሱ ነው። የሕንድ መንግሥት በዚያው ዓመት ሐምሌ ለፓርላማ ያቀረበው ቁጥር ከ45,000 በላይ ሕመምተኛና ከ4,300 በላይ ሞት ነበር። ስሙ ግን ስህተት ነው። ፈንገሱ ጥቁር አይደለም። የሚጠቁረው ሥጋው ነው፤ ምክንያቱን እነግርሃለሁ።

የራይዞፐስ ስፖር ላዩ ላይ ኮትኤች የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉት። አስፐርጊለስም ካንዲዳም ይህ የላቸውም። ኮትኤች የሚፈልገው ጂአርፒ78 የሚባል የኛን ፕሮቲን ነው። ጂአርፒ78 በደህናው ቀን ሴሉ ውስጥ ተቀምጦ ሌሎች ፕሮቲኖች በትክክል እንዲታጠፉ የሚረዳ ሠራተኛ ነው። ሴሉ ሲጨነቅ ግን ወደ ላይኛው ሽፋን ይወጣል። ምን ያስጨንቀዋል? የደም ስኳር ሲንር፣ ኬቶን (ገላ በስኳር ፋንታ ስብ ሲያነድ የሚወጣ አሲድ) ሲበዛ፣ ነፃ ብረት ሲኖር። ከቁጥጥር የወጣ ስኳር ሦስቱንም አንድ ላይ ያመጣል። ደሙ አሲድ ሲሆን ብረት ከተሸካሚው ፕሮቲን ይላቀቃል፣ ፈንገሱ ደግሞ ለብረት ሟች ነው። የባሰው ነገር፣ ያው ስኳርና ብረት ስፖሩ ላይ ያለውንም ኮትኤች ያበዛዋል። ቁልፉም ይበዛል፣ የቁልፍ ቀዳዳውም ይበዛል።

@ተጠራጣሪ ለአንተ የሚሆን ሙከራ አለኝ። ይህን ሥራ የሠሩት ሎስ አንጀለስ አካባቢ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው። በ2014 በወጣው ጽሑፍ ላይ ከደራሲዎቹ መጀመሪያ የተጻፈው ስም ተክለጊዮርጊስ ገብረማርያም ይላል፤ ሳየው ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ያደረጉት ምን መሰለህ? የዳቦ ቤት እርሾ ወሰዱ። ሰው በማሳመም ብዙም የማይታወቅ ምስኪን እርሾ። የኮትኤችን ጂን ሰጡት። እርሾው ሰው ሴል ውስጥ መግባት ጀመረ። ሌላ ምንም አልጨመሩለትም። በኮትኤች ላይ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል ሲሰጡ ደግሞ አይጦቹን ከሕመሙ ተከላከለላቸው።

ሥጋው ለምን ይጠቁራል ላልኩት፦ የሚገባው የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ሴሎች ውስጥ ነው። እነሱ ሲጎዱ ደም ይረጋል። የረጋ ደም መንገድ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል። አፍንጫ፣ ሳይነስ፣ ላንቃ፣ ዓይን። ፍጥነቱ በቀናት ነው፣ አንዳንዴ በሰዓታት።

ለእናትህ የምለው ይህን ነው። እንጀራው አይደለም ጠላቷ፤ ስፖሩ የትም አለ። የደም ስኳሯ ከተስተካከለ ይህ በሽታ በጣም ብርቅ ነው። ግን በአንድ ወገን ፊቷ ካበጠ ወይም ከደነዘዘ፣ አንድ አፍንጫዋ ተደፍኖ ጥቁር ወይም ደም የቀላቀለ ነገር ከወጣ፣ ዓይኗ ከከበደ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታያት፣ ላንቃዋ ላይ ጥቁር ነገር ካየህ፣ ያኔ «ነገ እንሄዳለን» የለም። በዚያው ቀን ሆስፒታል። ሕክምናው አምፎቴሪሲን የሚባል የፈንገስ መድኃኒትና ቀዶ ጥገና አንድ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ የሞተ ሥጋ ውስጥ አይገባም፣ ደም ስለሌለው።

የገርጂው
ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥተው ይህን ሁሉ መጻፍዎ… ለእናቴ አነበብኩላት። «ጂአርፒ ምናምን የሚባለው የኔ ሠራተኛ ነው እንዴ በር የሚከፍተው?» አለች። አዎ አልኳት።

ሐኪም_በፈረቃ
😂 በትክክል ገብቷታል። አንቱታውን ግን ተወው፣ ገና ወጣት ነኝ።

ጋሪና_ፈረስ
የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሰው ሴል ውስጥ ገብቶ ሳይሞት የሚኖረውን ማን ያውራልን? ሂስቶፕላዝማ የሚባለውን ፈንገስ ዘለላችሁት።

የጋሪ ፈረስ አይታችሁ ታውቃላችሁ፣ እግሩና አንገቱ ላይ እንደ ገመድ የተሰለፈ እብጠት ወጥቶበት፣ እየፈነዳ መግል የሚፈሰው? ሰው ያልፈዋል። ፈረሱ ግን በዚያው ሁኔታ ጋሪ ይጎትታል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሂስቶፕላዝማ አንዱ ወገን ነው። ማሰሪያው በላጠው ቁስል ይገባል፣ ከዚያ የሊምፍ መስመሩን ተከትሎ ይሄዳል። የጋሪ ቀበቶ ላይ ጨርቅ ብታደርጉበት፣ ቁስሉን ብታጥቡለት ምን ነበረበት። ይህን ለባለ ጋሪዎች ስነግር «እኔስ መቼ ጫማ አለኝ» ያለኝ ሽማግሌ አለ። መልስ አጣሁ።

የሰው ዓይነቱ ደግሞ በትንፋሽ ነው። የሌሊት ወፍ ኩስ የበዛበት ዋሻ፣ የወፍ ኩስ የተከመረበት ጎተራ። ስፖሩ ከ2 እስከ 5 ማይክሮን ነው። ሳንባ ሲደርስ ማክሮፋጅ ሲአር3 በሚባል በሩ ይጎርሰዋል። ሂስቶፕላዝማ ይህን አይፈራም። አፈር ላይ ክር የነበረው በ37 ዲግሪ ወደ እርሾ ይቀየራል። ግድግዳው ላይ የሚያስጠረጥረውን ቤታ ግሉካን የሚባል የስኳር ሰንሰለት በሌላ ግሉካን ይሸፍናል። ማክሮፋጁ የጎረሰውን ለማቃጠል አሲድ ያፈሳል፤ ሂስቶፕላዝማ ግን አሲዱ እንዳይጠነክር ያደርገዋል። ከዚያ እዚያው ይራባል። ዘብ ጠባቂው ቤት ውስጥ ተከራይቶ እንደመኖር። ማክሮፋጁም እየዞረ ጉበትና መቅኒ ያደርስለታል፣ በነፃ ትራንስፖርት።

ፊኒክስ_ነኝ
አሪዞና ነው የምኖረው፣ ሾፌር ነኝ። የኔን ልንገራችሁ። አምና አንድ ወር ሙሉ ሳልኩ። ላብ፣ ድካም፣ የጉልበት ሕመም። አንድ ክሊኒክ ሁለቴ የሳንባ ምች ብለው አንቲባዮቲክ ሰጡኝ፣ ወይ ፍንክች። በሦስተኛው ሌላ ቦታ የደም ምርመራ አደረጉና ቫሊ ፊቨር ነው አሉኝ። ኮክሲዲዮይደስ የሚባል የበረሃ አፈር ፈንገስ ነው። እዚህ አቧራ ሲነሳ ስፖሩ አብሮ ይነሳል። ከተያዘው ሰው አብዛኛው ምንም ሳይታወቀው ያልፋል አሉኝ፤ እኔ ዕድል አልቀናኝም። አሁን ድኛለሁ።

ጥያቄዬ፦ የኔውም ተጎርሶ ነው የገባው? እዚህ ያላችሁ ሐበሾች ግን ሳል ከሦስት ሳምንት ካለፈ የቫሊ ፊቨር ምርመራ ራሳችሁ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ አይነሳላችሁም።

ስላይድ_እና_ከቨር
እንኳን ተሻለህ። ያንተው ለየት ይላል። መጀመሪያ ስፖሩ ትንሽ ነው፣ ሊጎረስ ይችላል። ግን ሳንባ ውስጥ ማበጥ ይጀምራል፣ ያብጣል፣ ያብጣል፣ እስከ 100 ማይክሮን የሚደርስ ሉል ይሆናል። ማክሮፋጅ 20 ማይክሮን ገደማ ነው። ከአፉ የሚበልጥ ጉርሻ ማለት ነው። ዙሪያውን ከበው ያዩታል እንጂ አይጎርሱትም። ከዚያ ሉሉ ይፈነዳና መቶዎችን ይበትናል፣ እያንዳንዱ ደግሞ እንደገና ሉል ይሆናል። ሴል ውስጥ ሳይገባ የሚያሸንፍ ነው።

ባዮ_ሦስተኛ_ዓመት
ይቅርታ ግን @ተጠራጣሪ ሙሉ በሙሉ «ተጎረሰ» ካልን ማይክሮስፖሪዲያን ምን ልናደርገው ነው?

ዛሬ ከፈንገስ ወገን ወይም የቅርብ ዘመድ ተደርገው ነው የሚመደቡት፤ ድሮ ፕሮቶዞኣ ይባሉ ነበር። ንብ የሚያረቡ ሰዎች ኖሴማ የሚሉት በሽታ ከነሱ ነው። ሰው ላይ ኤንተሮሳይቶዙን የሚባለው አለ፣ ኤችአይቪ ይዞት መድኃኒት ያልጀመረ ሰው ላይ የማይቆም ተቅማጥ ያመጣል።

ስፖሩ ከ1 እስከ 4 ማይክሮን ነው። ውስጡ ቱቦ አለ፣ እንደ ውሃ ጎማ የተጠቀለለ። አንጀት ሲደርስና ሁኔታው ሲመቸው ስፖሩ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ ቱቦው ውስጡ ወደ ውጭ እየተገለበጠ ይወነጨፋል። ካልሲ ገልብጣችሁ ስታወልቁ እንደሚሆነው። ከ2 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ቱቦው ከስፖሩ ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ጫፉ ሴሉን ያገኛል፣ ከዚያ የስፖሩ ሆድ ዕቃ በሙሉ በቱቦው አልፎ ሴሉ ውስጥ ይፈሳል። ባዶ ቀፎ ውጭ ይቀራል። ይህ ጉርሻ ነው? ይህ መርፌ ነው!

ተጠራጣሪ
ቪዲዮውን ፈልጌ አየሁት። እሺ። ይህ ገባ። ይህ በሩን ሰብሮ ገባ። ለዚህ አንድ ብቻ ግን ቃሌን አላነሳም 😅

ስላይድ_እና_ከቨር
@ባዮ_ሦስተኛ_ዓመት ቆንጆ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቱቦው ጫፍ ላይ ሴሉም ሽፋኑን ወደ ውስጥ ያጎደጉዳል፣ ሴሉን ዝም ብሎ ቀድዶ የሚገባ ብቻ አይደለም። ስለዚህ እዚህም ቢሆን ሴሉ ትንሽ አፉን ከፍቷል የሚሉ አሉ። ተጠራጣሪን ደስ ይበለው።

@የገርጂው ከወንድምህ ጋር ያንን ሻጋታ ማየት ከፈለጋችሁ ቀላል ነው። ማስክ አድርጉ፣ በረንዳ ላይ ውጡ፣ እናታችሁ አትጠጋ። ስኮች ቁረጡና የሚለጠፈውን ጎን ሻጋታው ላይ በቀስታ ንኩት። ከዚያ ስኮቹን ስላይድ ላይ ለጥፉት፣ ጠርዙን በደንብ ተጫኑት። የወንድምህ ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ካለው 40 ያለበት ሌንስ ይበቃል። ቀሪውን እንጀራ ከነፌስታሉ ሳትፈቱ ሌላ ፌስታል ውስጥ ቋጥሩትና ጣሉ።

ቁርስ_ቤት
ሰው እንጀራ ሲሻግትበት ያለቅሳል፣ እነዚህ ላቦራቶሪ ከፈቱ።

የገርጂው
ከአራት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ላልጠበቃችሁ ሁሉ ይቅርታ 😁

አደረግነው። ወንድሜ ስኮቹን ደብተር ውስጥ አድርጎ ወሰደው፣ መምህሩ ፈቀዱለት። በስልኩ ከማይክሮስኮፑ ላይ ፎቶ አነሳ። ጥቁሩ ላይ እንደ ዳንቴል ኳስ ያለ ራስ አለው፣ ዙሪያውን ድቡልቡል ነገር የተደረደረበት። አረንጓዴው መጥረጊያ ይመስላል። በመካከል የተበተነ ስፖር አለ፣ ከቁጥር በላይ። መምህሩ ጥቁሩን አስፐርጊለስ፣ አረንጓዴውን ፔኒሲሊየም ብለው ለክፍሉ አሳዩት። ልጁ አሁን አይቻልም፣ እራት ላይ ስለ ኢንተግሪን ነው የሚያወራው።

እናቴን ሐሙስ ክትትሏ ላይ ወሰድኳት። ስኳሯ ከፍ ብሎ ነበር፤ መድኃኒቷን ጨመሩላት፣ በሁለት ሳምንት ተመለሺ አሏት። ሞሶብ ማጽዳት የኔና የወንድሜ ሆኗል፣ በማስክ።

ፎቶውንም አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ራቅ ቀረብ እያደረገች ቆየች። ጥቁሩንና ፈዘዝ ያለውን ተቀላቅሎ ስታየው «ይሄማ ሰርገኛ ጤፍ ነው» አለችና ስልኩን መለሰችልኝ።